የእንጨት ሰዎች አባት፤ የዪርዢ ትርንካ የሕይወት ታሪክ

በቋንቋችን አሻንጉሊት የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ሕፃናት የሚታቀፉትን መጫወቻ ይጠራል። ሁለተኛው ስድብ ነው፤ የራሱ አሳብ የሌለውን፣ ሌላው ሲስበው የሚነሣውን፣ ሲለቀው የሚወድቀውን ሰው አሻንጉሊት እንለዋለን። እኛ ተማሪዎች ማታ በየመኝታ ቤታችን ስንከራከር የምንወራወረው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ የመጀመሪያውንማ ከልጅነታችን ጋራ ትተነዋል። ዛሬ ታሪኩን ባጭሩ የምናቀርብላችሁ ሰው ግን ዕድሜውን ሁሉ የመጀመሪያውን አሻንጉሊት ሲሠራ ኖሮ፣ በመጨረሻው ፊልሙ ሁለተኛውን ትርጉም በዓለም ፊት የገለጠ ሰው ነው። ስሙ ዪርዢ ትርንካ ይባላል። አገሩ ያን ጊዜ ቼኮስሎቫኪያ ትባል የነበረችው፣ በ1993 ቼክና ስሎቫክ ተብላ ለሁለት የተከፈለችው አገር ናት። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ትርንካ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1912 ፕልዜን በምትባል ከተማ ተወለደ። ፕልዜን በቢራዋና በብረታ ብረት ፋብሪካዋ የታወቀች የሠራተኛ ከተማ ስትሆን፣ በዚያ ዘመን ከመላው የቦሄሚያ ምድር ጋራ በኦስትሪያና በሐንጋሪያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር ነበረች። አባቱ የቧንቧ ሠራተኛ፣ እናቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሁለቱም ከገበሬ ወገን ስለ ነበሩ የባላገሩ ወግ፣ ተረትና በዓል ከቤታቸው አልራቀም። ልጁ ገና በሕፃንነቱ እንጨት እየጠረበ ትንንሽ ሰዎችን ይሠራ፣ ጓደኞቹንም ሰብስቦ በእነርሱ ጨዋታ ያሳያቸው ነበር። እንግዲህ አባቱ በእጁ ብረት የሚያጥፍ፣ እናቱ በእጇ ጨርቅ የምትሰፋ ልጅ፣ አድጎ የብረት አጥንትና የጨርቅ ልብስ ያላቸው አሻንጉሊቶች ሠሪ ቢሆን ብዙ አያስደንቅም።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። በቼኮች አገር የአሻንጉሊት ቴአትር የሕፃናት ማባበያ ብቻ አልነበረም። የቢሮውና የትልልቁ ቴአትር ቋንቋ ጀርመንኛ በነበረበት ዘመን፣ አሻንጉሊት አጫዋቾች ቤተ ሰባቸውንና የእንጨት ሰዎቻቸውን በጋሪ ጭነው ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ በቼክ ቋንቋ ይጫወቱ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ከ1775 እስከ 1847 የኖረው ማትየይ ኮፔትስኪ ነው። ባላገሩ ነገሥታትን፣ ሰይጣናትንና ዶክተር ፋውስትን በገዛ ቋንቋው ሲናገሩ የሰማው ከእነዚህ የእንጨት ሰዎች ነበር። ስለዚህ የዚያ ሕዝብ የአሻንጉሊት ፍቅር ቋንቋውን ለጠበቀለት ባለውለታ ያለው ፍቅር ነው ብንል አልተሳሳትንም። ዩኔስኮም በ2016 የስሎቫክንና የቼክን የአሻንጉሊት ጥበብ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አግብቶታል።

ትርንካ ተማሪ ቤት በገባ ጊዜ የሥዕል መምህሩ ዮሴፍ ስኩፓ ነበር። ይህ መምህር እርሱም ራሱ ታሪክ የሚጻፍለት ሰው ነው። በ1920 ስፔይብል የተባለውን ራሰ በራና ትልልቅ ጆሮ ያለውን አባት፣ በ1926 ደግሞ ሁርቪኔክ የተባለውን ነገረኛ ልጁን ለመድረክ አበቃ። የጠረቧቸው ሌሎች የእጅ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ሁለቱንም በየድምፃቸው የሚያናግራቸው ስኩፓ ብቻውን ነበር። ናዚዎች አገሪቱን በያዙ ጊዜ አሻንጉሊቶቹ በለሆሳስ የሚያወሩት ለገዢዎቹ ስላልተስማማቸው በ1944 ተይዞ ድሬስደን ላይ ታሰረ። በፌብሩዋሪ 1945 ያች ከተማ በቦምብ ስትቃጠል ከወኅኒ ቤት አምልጦ ወደ አገሩ ተመለሰ። ትርንካ የአሻንጉሊትን ሥራ የተማረው እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ሰው እግር ሥር ነው።

ስኩፓ የልጁን እጅ አይቶ ዝም አላለም። በአሻንጉሊት ሥራው አስገባው፤ ኃላፊነትም ሰጠው። ወደ ፕራግ ሄዶ በከፍተኛው የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት እንዲማር ባሳሰበ ጊዜ ግን ወላጆቹ እሺ አላሉም። ይህ ጭንቀት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ለዕረፍት አገሩ በገባ ቁጥር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ነው ወይስ መሐንዲስ የምትሆነው እያለ መድረሻ እንደሚያሳጣው እናውቃለን። ስኩፓ ወላጆቹን አግባብቶ አስፈቀደ፤ ትርንካም ከ1929 እስከ 1935 ፕራግ ተቀምጦ ተማረ። አንድ መምህር ለአንድ ተማሪ ከክፍል ውጭ የተናገረው ቃል ምን ያህል እንደሚያፈራ ከዚህ የበለጠ ምስክር አንሻም።

ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በ1936 ፕራግ ውስጥ የራሱን የእንጨት ቴአትር ከፈተ። አሻንጉሊቶቹን ራሱ አሰበ፣ ራሱ ሣለ፣ ራሱ ለመድረክ አበቃ። ቴአትሩ ግን ብዙ ዕድሜ አላገኘም፤ ተዘጋ። ወዲያውም በ1939 ጀርመኖች ፕራግን ያዙ። በጦርነቱ ዘመን ትርንካ እንጀራውን ያገኘው ለሕፃናት መጻሕፍት ሥዕል በመሣልና ለቴአትር ቤቶች የመድረክ ጌጥ በማዘጋጀት ነበር። በ1940 ዓ.ም. ብሮውችጺ ለተባለው የእሳት ትሎች ተረት የሣለው ሥዕል በአገሩ ልጆች ዘንድ እስከ ዛሬ ይታወቃል። በዕድሜው ሁሉ ሥዕል የሣለላቸው መጻሕፍት ከመቶ በላይ ናቸው። የቴአትሩ መዘጋት በጊዜው ውርደት መስሎ ይሆናል፤ ሆኖም እነዚያ ዓመታት አንድን ገጸ ባሕርይ በአንዲት ገጽ ላይ፣ ያለ ድምፅና ያለ እንቅስቃሴ፣ ሙሉ ሰው አድርጎ ማሳየትን አስተማሩት። ይህ ትምህርት በኋላ የሥራው ምሥጢር ሆነ።

ጦርነቱ በ1945 ሲያልቅ የአገሪቱ የፊልም ሥራ በአዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ ፕራግ ውስጥም የሥዕል ፊልም ስቱዲዮ ተቋቋመ። ትርንካን መሪ አድርገው ጠሩት። በ1946 ስለ እንስሳትና ስለ ወንበዴዎች የሠራው አጭር የሥዕል ፊልም በመጀመሪያው የካን የፊልም በዓል ተሸለመ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ረክቶ በዚያው መንገድ በቀጠለ ነበር። ትርንካ ግን አልተደሰተም። ምክንያቱም በእጅ በሚሣል ፊልም አንድ ሰው የሠራውን ሥዕል ብዙ ሠራተኞች ተቀባብለው ደጋግመው ስለሚስሉት፣ መስኮቱ ላይ የሚታየው መስመር የራሱ መሆኑ ይቀራል። እርሱ የሚፈልገው በእጁ የዳሰሰው ነገር እንዳለ ተመልካቹ ዘንድ እንዲደርስ ነበር። ስለዚህ በዚያው በ1946 ከጥቂት ጓደኞቹ ጋራ ወደ ልጅነቱ ሥራ፣ ወደ አሻንጉሊት ተመለሰ።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እንግለጥ። የፊልም አሻንጉሊት እንደ ቴአትሩ በገመድ አይሳብም። ውስጡ የብረት አጥንት አለው፤ ይህም አጥንት በትከሻ፣ በክርን፣ በወገብና በጉልበት ላይ እንደ ሰው መገጣጠሚያ ያለው ሲሆን፣ መገጣጠሚያው ሲያንቀሳቅሱት የሚታዘዝ፣ ሲለቁት ባለበት የሚቆም መሆን አለበት። ቢላላ አሻንጉሊቱ ይወድቃል፤ ቢጠብቅ እንቅስቃሴው ይሰበራል። በአጥንቱ ላይ ሥጋ የሚሆን ለስላሳ ነገር ይለበሳል፤ ከዚያም ልብስ ይሰፋለታል፤ ራሱ ተቀርጾ ይቀባል። እንዳይወድቅ እግሩ ከወለሉ ጋራ ይያያዛል። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ክንዱን ጥቂት ይገፋና ፎቶግራፍ ያነሣል፤ እንደ ገና ጥቂት ይገፋና ያነሣል። በሲኒማ መስኮት ላይ በየሰከንዱ 24 ምስል ስለሚያልፍ፣ የአንድ ደቂቃ ፊልም 1440 ምስል ይጠይቃል ማለት ነው። አሻንጉሊቱ ውኃ ቀድቶ እስኪጠጣ ድረስ ሠራተኛው ውሎ ያመሻል። በመካከል እጁ ቢስት ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም የለም፤ ከመጀመሪያው መነሣት ነው።

ብዙ የፊልም ሠሪዎች የአሻንጉሊቱን ስሜት ለማሳየት ብዙ ራስ ይሠሩለታል፤ የሚስቅ ራስ፣ የሚያለቅስ ራስ፣ የሚቆጣ ራስ እያሉ ይለዋውጡለታል። ትርንካ ይህን ተወ። ለአንድ አሻንጉሊት አንድ ፊት ሰጠው፤ ፊቱም ከፊልሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይለወጥም። ዓይኑን ሲቀባ ደስታም ኀዘንም ለይቶ የማይናገር፣ ሁለቱንም መሸከም የሚችል ዓይን አድርጎ ነበር። ከዚያ ራሱን ጥቂት ዝቅ ሲያደርገው፣ መብራቱን ከጎን ሲያመጣው፣ ካሜራውን ሲያቀርበው ያ ያልተለወጠ ፊት ያዝናል፤ ቀና ሲል ደግሞ ይስቃል። ፊልሙን ያየ ሰው እንጨት ሲያለቅስ አየሁ ብሎ ይምላል። ያለቀሰው ግን ተመልካቹ ራሱ ነው። እኛ ይህን ስንሰማ ያስታወስነው በአብያተ ክርስቲያናታችን ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ነው፤ ፊታቸው አንድ ሲሆን ለኀዘንተኛው የሚያዝኑ፣ ለደስተኛው ደስ የሚላቸው ሆነው ይታያሉ።

በዚህ ዘዴ በ1947 የመጀመሪያውን ረጅም የአሻንጉሊት ፊልም ሽፓሊቼክን አወጣ። ፊልሙ በስድስት ክፍል ተከፍሎ የቼክን ባላገር ዓመት ከነበዓላቱ፣ ከነዘፈኑና ከነሥራው ያሳያል። ከዚያ የአንደርሰንን ተረት ይዞ የንጉሠ ነገሥቱ ወፍ የተባለውን ፊልም ሠራ፤ በ1949 ታየ። በዚህ ተረት የቻይናው ንጉሥ ሕያዋን ወፍ ትቶ በቁልፍ የምትዘፍን ወርቅማ ወፍ ይወዳል፤ ሞት ደጁ ሲደርስ ግን የምታድነው ሕያዋኒቱ ናት። ሥራው ሁሉ ሕይወት የሌለውን ነገር ማንቀሳቀስ የሆነ ሰው ይህን ተረት መምረጡ ያሳስባል። በ1950 ባያያን፣ በ1953 የጥንት ቼክ አፈ ታሪኮችን፣ በ1955 ደግሞ ገዢዎቹን በየዋህነት ስለሚያሞኘው ወታደር ስለ ሽቬይክ የተጻፈውን መጽሐፍ በአሻንጉሊት አቀረበ። ይህን ሁሉ ብቻውን አልሠራም። ሙዚቃውን የደረሰለት ቫጽላቭ ትሮያን፣ አሻንጉሊቶቹን ካንቀሳቀሱለት ሰዎች ዋነኛው ብርዤቲስላቭ ፖያር ነበሩ፤ ፖያር በኋላ ራሱን የቻለ ታላቅ ፊልም ሠሪ ሆኗል።

በ1959 ደግሞ የሼክስፒርን የመካከለ በጋ ሌሊት ሕልም አወጣ። ሼክስፒርን ያለ ንግግር፣ በጭፈራና በምልክት ብቻ መሥራት ድፍረት ነው። አሻንጉሊቶቹም እንደ ቀድሞዎቹ ድብልብል ያሉ የባላገር ሰዎች ሳይሆኑ ቀጫጭን፣ ረዣዥም፣ በአበባና በብርሃን የተሸፈኑ ነበሩ። ፊልሙ በካን ስለ ሥራው ብልሃት ተሸለመ። ቢሆንም ጌጡ በዛ፣ ልብ አይነካም ያሉ ተቺዎች አልጠፉም። ትርንካ ብዙ ዓመት የደከመበት ሥራው እንዲህ ሲነቀፍ መስማቱ ሳይከብደው አልቀረም።

እስካሁን ያነሣነው የሥራውን ታሪክ ነው። አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ትርንካ ከ1945 ጀምሮ የሠራው በመንግሥት ገንዘብ ነው። ስቱዲዮው የመንግሥት፣ የሠራተኞቹ ደመወዝ የመንግሥት፣ ፊልሙ እንዲታይ የሚፈቅደው መንግሥት ነበር። ያለዚህ እጅ ለአንድ ደቂቃ ፊልም ቀናት የሚፈጀውን ሥራ መሥራት አይቻልም፤ ትርፍ የሚፈልግ ነጋዴ ይህን ያህል አይታገሥም። መንግሥትም አከበረው፤ ብሔራዊ አርቲስት የሚለውን ከፍተኛ ማዕረግ ሰጠው። ግን የሚሰጥ እጅ ሳይጠይቅ አይቀርም። በእነዚያ ዓመታት ጸሐፊው ስለ ምን እንደሚጽፍ፣ ሠዓሊው ማንን እንደሚስል የሚነገረው ከበላይ ነበር።

በ1965 ትርንካ እጅ የተባለውን የመጨረሻ ፊልሙን አወጣ። ፊልሙ ሃያ ደቂቃ አይሞላም፤ ንግግርም የለበትም። በአንዲት ክፍል ውስጥ አንድ አሻንጉሊት ይኖራል፤ ሸክላ ሠሪ ነው። ያለችው አንዲት አበባ ናት፤ ምኞቱም ለእርስዋ የሚሆን ማሰሮ መሥራት ነው። አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ፤ ጓንት ያጠለቀ ግዙፍ እጅ ገባ። ይህ እጅ አሻንጉሊት አይደለም፤ እውነተኛ የሰው እጅ ነው። ማሰሮውን ትተህ የእኔን ምስል ቅረጽ ሲል በምልክት ያዘዋል። ሸክላ ሠሪው እንቢ ይላል። እጁ በመጀመሪያ በትሕትና፣ ቀጥሎ በስጦታና በገንዘብ፣ ከዚያም በማባበል፣ በመጨረሻ በጉልበት ይመጣል። በእጁና በእግሩ ገመድ አስሮ በወርቅ ቀፎ ውስጥ ያገባውና የድንጋይ እጅ ያስቀርጸዋል፤ ኒሻን ይሸልመዋል። ምስኪኑ ገመዱን በሻማ አቃጥሎ፣ ቀፎውን ሰብሮ ያመልጣል። ቤቱ ደርሶ በሩን እየቸነከረ ሳለ ያ የአበባው ማሰሮ ከላይ ወድቆ ይገድለዋል። እጁም መጥቶ በታላቅ ክብር ይቀብረዋል።

አሁን የመግቢያችን ነገር ግልጥ ይሆናል ብለን እናምናለን። ትርንካ ሃያ ዓመት ሙሉ በፊልሙ ውስጥ የአሻንጉሊቱን ገመድ አጥፍቶ፣ አሻንጉሊት በራሱ እንደሚሄድ አድርጎ አሳየን። በዚህ ፊልም ብቻ ገመዱን መልሶ አመጣው፤ የሚስበውንም እጅ አሳየን።

በ1968 ለሕፃናት መጻሕፍት በሣላቸው ሥዕሎች የሐንስ ክርስቲያን አንደርሰንን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ አገሪቱ የጀመረችውን የነጻነት ለውጥ ለማፍረስ የሶቪየትና የተባባሪዎቿ ታንኮች ፕራግ ገቡ። የትርንካ ጤና ቀደም ብሎ ተናግቶ ነበር። ዴሴምበር 30 ቀን 1969 በልብ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው 57 ዓመት ነበር። ፕልዜን ላይ የተደረገው ቀብሩ ሕዝብ የወጣበት ትልቅ ቀብር ሆነ። ከቀብሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እጅ የተባለው ፊልም በአገሩ እንዳይታይ ታገደ፤ እገዳውም ለሃያ ዓመት ያህል ቆየ። እንግዲህ ባለ ፊልሙን በክብር ቀብሮ ፊልሙን መደበቅ፣ የፊልሙን መጨረሻ በእውን መድገም ነበር።

ከእኛ መካከል ይህን ታሪክ ስንወያይበት ሁለት አሳብ ተነሥቷል። አንደኛው ወገን ትርንካ ሃያ ዓመት የእጁን እንጀራ በልቶ፣ ኒሻኑን አጥልቆ፣ ስሙ ከተተከለና የሚነካው ከጠፋ በኋላ መናገሩ ጀግና አያሰኘውም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ያ ስቱዲዮ ባይኖር ያ ጥበብ አይኖርም ነበር፤ የእጁን ክብደት ሊያውቅ የሚችለውም በመዳፉ ላይ የተቀመጠ ብቻ ነው ሲል ይመልሳል። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ደርሶ አልተቋጨም።

የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ትርንካ የፊልሙን ሸክላ ሠሪ ንጹሕ ሰማዕት አድርጎ አልሠራውም። በቀፎው ውስጥ ሳለ የታዘዘውን የድንጋይ እጅ ቀርጿል፤ ሽልማቱም ተደርጎለታል። ራሱን ከክሱ ውጭ ለማድረግ ቢፈልግ ይህን ክፍል ማስቀረት ይችል ነበር፤ አላስቀረውም። ሌላውን የሚከስ ብዙ ነው፤ ራሱንም ጨምሮ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ደግሞም የተናገረው በሚያውቀው ቋንቋ፣ በእንጨትና በብርሃን ነው፤ ለዚህም ነው ቃሉ ከአገሩ ድንበርና ከዘመኑ ያለፈው።

እኛም ነገ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። መምህር፣ ጸሐፊ፣ ጋዜጠኛ፣ የቢሮ ሠራተኛ ስንሆን አንድ ቀን በራችን ይንኳኳል። የሚመጣው እጅ በመጀመሪያው ቀን ጡጫ ሆኖ አይመጣም፤ በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ፣ ስጦታ ይዞ ነው የሚመጣው። የሚጠይቀንም ትንሽ ነገር ይመስላል። ያን ጊዜ እያንዳንዳችን የትኛውን ማሰሮ ለየትኛዪቱ አበባ ልንሠራ እንደ ተነሣን ከወዲሁ ብናውቀው፣ መልሱን ለመስጠት ጥቂት ይቀለናል። ሸክላ ሠሪው የሞተው እንቢ በማለቱ አይደለም፤ ቤቱ ከገባ በኋላ ብቻውን በሩን ሲቸነክር ነው። ይህን ደግሞ በማኅበር ያለን ተማሪዎች ልብ ልንለው ይገባል።